ከገላፊ በኩል የመጣ አይወራረድም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ ደብዳቤ እንኳ ስልክ በሌለበት ዘመን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስህተት ካለ አንባቢ ይታገሰኝ። ደብተሩን የሰጠችኝ ጎረቤቴ መምህርት ናት። "ለእኔ የነገርሽኝን እንዳለ አስፍሪው፤ አታስጊጪው" አለችኝ። ማስጌጡንስ ብፈልግ የት አውቄው።

ሰመራ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ብስኩትና የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ከጎኔ የስፖርት ውርርድ ቤት ተከፍቷል። ወጣቶቹ ሙቀቱን ሸሽተው የኔ ሱቅ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ሰሞኑን ወሬያቸው ሁሉ ስለ ቦክስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለቀበቶ የሚደረግ ትልቅ ግጥሚያ አለ አሉ። የዚህኛው ክንድ ይረዝማል፣ የዚያኛው ጉልበት ከስድስተኛ ዙር አያልፍም፣ እየተባባሉ ስልካቸውን ይነካካሉ። ትናንት አንዱ ውሃ ሊገዛ መጥቶ ለጓደኛው፣ "ውጤቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ባገኝ እኮ ጫማዬን ሳይቀር አስይዝ ነበር" አለው። ተሳሳቁ። እኔ ግን የያዝኩት ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ ወደቀ።

ውጤቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው እኔን አጋጥሞኛል። ዳቦ ሰጥቶኛል።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ቅርብ፣ ሎጊያ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪናም ከጅቡቲ የሚወጣውም እዚያ ቆሞ ይበላል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ያድራል። ወንድሜ ጌታቸው ጎሚስታ ነበር። ያለን ንብረት አንድ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ነው። እሱን ለመግዛት እናታችን ወሎ ያለችውን አንዲት ላሟን ሸጠች፤ ጌታቸው ደግሞ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ጎማ ሲለጥፍ የቆጠባትን ጨመረበት። አባታችን ለጥጥ ለቀማ ወርዶ ወባ ይዞት በዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ያ ኮምፕሬሰር ሲጮህ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል፣ እኔ ግን እፎይ እላለሁ። እሱ ዝም ካለ ጌታቸውም የአባታችንን መንገድ ተከትሎ ወደ ጥጥ እርሻው እንደሚወርድ አውቀዋለሁ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

እኔ የምሠራው ከጎሚስታ ቤቱ አጠገብ ባለው በእትዬ አለሚቱ ምግብ ቤት ነበር። ጠዋት ፉል፣ ቀን ፓስታና የፍየል ጥብስ እናወጣለን። ግንቦት ሲገባ ንፋሱ ራሱ ከእሳት ውስጥ የወጣ ይመስላል፤ ሳህን አጥበን ስንደፋው ለማድረቅ ጨርቅ አያስፈልገንም። በጣም ዓይን አፋር ነበርኩ። ትሪ ሳስቀምጥ ቀና ብዬ የሰው ፊት ስለማላይ ሾፌሮቹን የምለያቸው በጫማቸው ነው። አንዳንዶቹ ለዓመት ሲመላለሱ ድምፄን አልሰሙትም።

እትዬ አለሚቱ ዲሽ ያስተከሉት ለኳስ ብለው ነው። የሾፌሮቹ ልብ ግን ቦክስ ላይ ነበር። ምክንያቱን አንድ ቀን አንዱ ሲናገር ሰምቻለሁ። "ኳስ ሃያ ሁለት ሰው ነው፤ የትኛውን ትሰድባለህ? ቦክሰኛ ግን እንደ ሾፌር ነው። ብቻውን ነው። ከወደቀም ራሱ ነው የወደቀው።"

ትልቅ ግጥሚያ ሲኖር ወሬው የሚጀምረው ከሳምንት በፊት ነው። የተጋጣሚዎቹ ስም ለምላስ ስለሚያስቸግር ቅጽል ይወጣላቸዋል። የዚያን ጊዜውን ሻምፒዮን "ሽማግሌው" አሉት፣ ቀበቶውን ሊነጥቀው የመጣውን ረጅም ልጅ "ግመሉ"። ሳህን እያነሳሁ የምሰማው ይህንን ነበር።

"ሽማግሌው ሞተሩ አልቋል። ሜዳውን ይሄድልሃል፤ ዳገት ሲያይ ጭስ ብቻ ነው።"

"ያረጀ ሾፌር ፍሬን ያውቃል፣ ወዳጄ። የሚገለበጠው አዲሱ ነው።"

"ግመሉን አይተኸዋል?" ይላል ወንድሜ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ። "ክንዱ እኮ እዚህ ቆሞ ሰርዶ ላይ ያለ ሰው ይመታል!" ሰርዶ በጅቡቲ መንገድ ላይ ከእኛ ቀጥላ ያለች ከተማ ናት።

ጌታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ እያዳመጠ የቦክስ ሊቅ ነኝ ይል ነበር። ሁለት ጊዜ ገምቶ ስለተሳካለት ሾፌሮቹ "ፕሮፌሰር" አሉት። እሱም ስሙን ወደደው። የፈራሁት ያኔ ነው።

አሁን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። እነዚያ ትልልቅ ውጊያዎች የሚደረጉት ባሕር ማዶ ስለሆነ በእኛ ሰዓት እሁድ ጎህ ሲቀድ ነው። የእኛ ዲሽ ያኔ አያሳይም፤ የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሲደገም ነው። ከገላፊ ማዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ግን፣ ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ቤት በቀጥታ ያሳያል። ሞባይል ገና መንገዱ ላይ አልደረሰም። ስለዚህ እሁድ ቀን ከገላፊ በኩል የሚመጣ ሾፌር ውጤቱን በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው የቤቱ ሕግ የወጣው፤ ከገላፊ በኩል የመጣ አይወራረድም። መኪናውን በግራ በኩል ያቆማል፣ ምግቡን ይበላል፣ አፉን ይዘጋል። ይህንን ሕግ ማንም ደፍሮ አያውቅም ነበር።

አባ ሁመድ የሚባሉ የመኪኖቹ ጠባቂ ነበሩ፤ ሽማግሌ አፋር ናቸው። ቁማር ሐራም ነው ብለው አንድ ሳንቲም አይወራረዱም፣ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ውጊያውን እስከ መጨረሻው ያያሉ። የእሳቸው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አፋር መንገድ ላይ ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ? የተጠየቀ ሰው ያየውን ሳይጨምር ሳያጎድል መናገር አለበት፤ በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አይደለም። ታዲያ በቦክስ እሁድ አባ ሁመድ ከሰርዶ መንገድ የሚመጣ ዘመድ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። "ዛሬ አልጠይቅህም፤ ነገ ና" ይላሉ። ሾፌሮቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ደምሴ ከሾፌሮቹ ሁሉ ለእኔ ደግ የነበረው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ ሰንደል ጫማ የሚያደርግ። አዝኖልኝ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ በመጣ ቁጥር ባዶ እጁን አይመጣም። ከአዋሽ በኩል ሲመጣ ብርቱካን፣ ከጅቡቲ በኩል ሲመጣ ያንን ረጅም የጅቡቲ ዳቦ። በጓሮው በር ብቅ ብሎ "ሙሉዬ፣ እንኪ" ይለኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነበር።

በዚያ እሁድ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መኪናው ገባ። ተሳቢ አልነበረውም። አፍንጫው ወደ ጅቡቲ ዞሮ በቀኝ በኩል፣ ከአዋሽ የመጡት በሚቆሙበት ቆመ። "ሰርዶ ላይ የተበላሸ መኪና አለ፤ እሱን ልጎትት ከአዋሽ እየመጣሁ ነው" ሲል ከውስጥ ሰማሁት። ከዚያ ሰንደሉ እየተጎተተ ወደ ጓሮው መጣ።

"ሙሉዬ፣ እንኪ።"

እጄን ዘረጋሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ያ ረጅም የጅቡቲ ዳቦ ነበር።

ሁለታችንም ዳቦውን አየነው። እጁ ከዳቦው ላይ አልተነሳም ነበር፤ ሊመልሰው ፈልጎ ጎተት ሲያደርገው ተሰማኝ፣ ከዚያ ተወው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ላቡ ከቅንድቡ ላይ ቆሟል።

"የትናንት ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "መንገድ ላይ ሰው ሰጥቶኝ ነው።"

"እሺ።"

"እሺ ምን?"

"የትናንት ነው።"

"ጎበዝ።" ወደ ኋላው ዞሮ አየና በሩን በትከሻው ሞላው። "ብዪው ታዲያ። እዚሁ ብዪው።"

ነከስኩ። በሎጊያ ግንቦት ዳቦ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም፤ ይደርቅና ቢወረውሩት ሰው ይፈነክታል። ያ ዳቦ ግን ለስላሳ ነበር፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ነጭ። እሱ ቆሞ ያየኛል። ሁለተኛ ነከስኩ፣ ሦስተኛ። እንባዬ መጣ፣ ግን አኘክሁ። ከውስጥ አንዱ ሾፌር "ደምሴ! የት ጠፋህ?" ብሎ ሲጣራ፣ "ጨርሺው" ብሎኝ ገባ።

አልጨረስኩትም። ግማሹን ከሽርጤ ሥር ሸጎጥኩት። ለምን እንደሸጎጥኩት አላውቅም። አስቤበት አልነበረም፣ እጄ ነው ያደረገው።

ከውስጥ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። ደምሴ ወንድሜን ይዞታል።

"ፕሮፌሰር! ግመሉን ይዘሃል አሉ?"

"ይዣለሁ። አንተስ ጋሼ?"

"እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ ሽማግሌውን። አራት አዲስ ጎማ አስይዛለሁ፣ ከነቸርኬው።"

ቤቱ አፏጨ። ጌታቸው ሳቀ፣ "አራት ጎማ የሚያህል ነገር የለኝም እኮ" አለ።

"ኮምፕሬሰር የለህም?"

"ኮምፕሬሰሩማ እንጀራችን ነው።"

"አየህ፣ ሬዲዮ ሰምቶ ማውራት ሌላ፣ ማመን ሌላ። ፕሮፌሰርነትህ ጎማ እስክትነፋ ነው ለካ!"

ሾፌሮቹ እያጨበጨቡ ሳቁበት። በበሩ ክፍተት በኩል የወንድሜን ጆሮ አየሁት፣ ቀልቶ ነበር። ሲያፍር ጆሮው እንደሚቀላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተነሳ፣ ወጣ፣ ሁለት ሰው ይዞ ኮምፕሬሰሩን እየጎተተ አመጣና ከቴሌቪዥኑ ሥር አቆመው። እትዬ አለሚቱ "ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ እናትህን አስብ!" ቢሉትም አልሰማቸውም። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

ስምንት ሰዓት ላይ ውጊያው ጀመረ። እኔ ከኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ዳቦው ሆዴ ላይ ያቃጥለኛል። ግመሉ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሽማግሌውን በረጅም ክንዱ ይቀጠቅጠዋል። በሦስተኛው የሽማግሌው ቅንድብ ተሰነጠቀ። በአራተኛው ተንበረከከ፤ ዳኛው ቆጠረለት። ወንድሜ ወንበር ላይ ቆሞ "ሰርዶ ደረሰ! ሰርዶ ደረሰ!" እያለ ይጮሃል። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ዳቦው እውነትም የትናንት ነው። ምናልባት ደምሴ ምንም አላየም፣ እንደማንኛውም ሰው ገምቶ ነው። ዝም ብል ምን እሆናለሁ?

ያን ጊዜ ወደ ደምሴ አየሁ። ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሏል፤ እሱ ግን ቴሌቪዥኑን አያይም። በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ እኔን ያያል። የያዘው ቦክሰኛ ተንበርክኮ ደም ሲተፋ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ያኔ ልቤ አመነ።

ፍርሃት እግር ያስራል ይላሉ። የእኔን እግር ግን ያን ቀን ፍርሃት ነው ያራመደው። ከፊቴ ደምሴ አለ፣ ከኋላዬ የጥጥ እርሻው፤ ከሁለቱ የትኛውን አብልጬ እንደፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአምስተኛው ዙር ከበሩ ወጣሁ። በሰዎቹ መሃል አለፍኩ። "ከፊታችን ዘወር በይ እንጂ!" ብሎ አንዱ ገፈተረኝ። አባ ሁመድ አጠገብ ስደርስ ግማሹን ዳቦ ከሽርጤ ሥር አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። መናገር አልቻልኩም። ጣቴ ብቻ ወደ ደምሴ ተነሳ፤ መልሼ ደበቅሁት።

አባ ሁመድ ዳቦውን አዩት። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ጎደጎደና ተመልሶ ተነፋ። ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ዝጉት" አሉ።

"አባ ሁመድ! አሁን?" አለ አንዱ ሾፌር።

"ዝጉት አልኩ።"

እትዬ አለሚቱ ድምፁን አጠፉት፣ ምስሉ ብቻ ቀረ። አባ ሁመድ ተነስተው ደምሴ ፊት ቆሙ። በአፋርኛ ጀመሩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ደገሙት።

"አንተ የእኛን ጨው በልተሃል። ሃያ ዓመት በአገራችን መንገድ ሄደሃል፣ ቋንቋችንን ታውቃለህ። ዛሬ ዳጉ እጠይቅሃለሁ። ከየት መጣህ? ምን አየህ?"

በቦክስ እሁድ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ደምሴ "ከአዋሽ" ማለት ይችል ነበር። ማን አይቶታል? አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ጎማው የፈነዳበት፣ ውሃ ያለቀበት ሰው ሁሉ የዳነው በዚያ ጥያቄና መልስ ነው፤ እሱም ጭምር። ያንን እያወቀ መዋሸት አልቻለም።

"ከገላፊ" አለ። "አልፌ ሄጄ ዞሬ ነው የገባሁት። በዘጠነኛው ዙር ግመሉ ይወድቃል።"

በጸጥታው ውስጥ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ዙር ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን አለፈ። በዘጠነኛው ግመሉ ወደቀ። የጮኸ የለም። ከኋላ አንዱ ሾፌር ብቻ፣ "አይ አንቺ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ የጠበቅነውን ውጊያ ገደልሽብን!" አለ፤ የተቆጣው እኔን ነበር።

ጌታቸው አላመሰገነኝም። ኮምፕሬሰሩን እየጎተተ ወደ ጎሚስታ ቤቱ መልሶ ወሰደ። እስከ ሐሙስ አላናገረኝም። ሐሙስ ዕለት ሻይ ሳመጣለት ተቀብሎ ስኳሩን እያማሰለ "ተቀመጪ" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የቦክስ ወሬ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ሾፌሮቹ ደግሞ ተማከሩ። ለደምሴ ክሪክ የሚያበድር፣ መንገድ ላይ ቆሞ የሚረዳው እንዳይኖር ተስማሙ። ይህንን ስሰማ ፍርሃቴ ባሰ። ሰው ሁሉ የተወው ሰው ምን ያደርጋል? የእሱን የሚመስል ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ከውሃ በርሜሉ ጀርባ እደበቃለሁ። ሌሊት በሩን ሁለት ጊዜ እቆልፋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ጌታቸው ሰመራ ሄዷል፣ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ያለሁት ብቻዬን ነኝ። የኋላ ጎማው ተንፍሶ እየጎተተ ነው የገባው። ወረደ። ከስቷል፣ ሸሚዙ በጨው ነጥቷል። ልሮጥ ፈለግሁ፣ መውጫው ግን በእሱ በኩል ነው። እሱ ግን ጎማውን እንድሠራለት አልጠየቀኝም። "ውሃ አለሽ?" ብቻ አለኝ። በጣሳ ሰጠሁት። ግማሹን እጁ ላይ አፈሰስኩት። የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣ።

መምህርቷ ጎረቤቴ ይህንን ስነግራት "ደፋር ነበርሽ" አለችኝ። አልነበርኩም። እስከ ዛሬም አይደለሁም፤ ለደንበኛ ዋጋ ስናገር እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ትናንት እነዚያን ወጣቶች ሳያቸው፣ ውጤቱን ቀድሞ ማወቅ ገነት የመሰላቸውን ልጆች፣ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ፣ አንዲት ትሪ ተሸካሚ ልጅ ላይ ተክሎ ነበር። ያኔ ዓይኑ የሚያስፈራራኝ መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ ያሳወቀኝ ራሱ ደምሴ ነው፣ ጣሳውን መልሶ ሰጥቶኝ ወደ መኪናው ሊወጣ እግሩን ካነሳ በኋላ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦

"ያን ቀን ከቤቱ ሰው ሁሉ የፈራሁት አንቺን ነበር።"